ልባቸው በቀኝ የነበረ ተጫዋቾች

«ግራሽ ያምራል። ቀኝ ግን የለሽም። ማነው እንዲህ አድርጎ ያበላሸሽ?»

አሠልጣኛችን ይህን ያሉኝ በልምምድ መካከል፣ የቡድኑ ልጆች ሁሉ እየሰሙ፣ ፊት ለፊቴ ቆመው ነው። እኛ ኮች ነው የምንላቸው። በወጣትነታቸው ራሳቸው ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበሩ፤ ዛሬም ፊሽካውን ከአንገታቸው አያወልቁም፣ ንግግራቸውንም አያለሰልሱም። ለዚህ ነው የምወዳቸው። እኔም ማለስለስ አላውቅበትም።

«ግራኝ አይደለሁም እኮ ኮች» አልኳቸው። «የምጽፈው በቀኜ ነው። የምበላውም በቀኜ።»

«ታዲያ ወደ ሜዳ ስትመጪ ቀኝሽን የት ጥለሽው ነው የምትመጪው? ቤት?»

ልጆቹ ሳቁ። አንዷማ ሆዷን ይዛ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች።

«ሳቁ፣ ሳቁ» አሉ ኮች። «የክለቡ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል። ከሐረር የሚወስደው አንድ ልጅ ነው። አንድ! ግማሽ ልጅ እንዳላሳየው።»

ክለቡ የአዲስ አበባ ነው። ደመወዝ ይከፍላል፣ መኝታ ይሰጣል፣ ከተማ ለከተማ ያዞራል። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ያልመጣልኝ ልጅ ነኝ። ክለቡ ካልወሰደኝ የምገባው አጎቴ ሱቅ ነው፤ አራተኛ በሚባለው ሰፈር የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጣል። እናቴ ቃል ሰጥታዋለች፣ እሱም ወንበር አዘጋጅቶልኛል። ወንበሩን አይቼዋለሁ። ከኋላው የፍሬን ሸራ የተደረደረበት መደርደሪያ፣ ከፊቱ መስታወት ያለው ባንኮኒ፣ መሐሉ ላይ እኔ። እኔ ደግሞ አንድ ቦታ ተቀምጬ ሻይ እንኳ አልጨርስም።

ማነው ያበላሸሽ ላሉኝ መልሱን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። ማንም አላበላሸኝም። ያስተማሩኝ በዓለም ላይ ከተፈጠሩት ሁሉ የሚበልጡት ናቸው። እነሱን ያገኘኋቸው ደግሞ ጀጎል ውስጥ፣ በአንዲት ፍላሽ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ፊልምና ዘፈን በፍላሽ የሚጭን ልጅ አለ። አንድ ቀን ከጓደኛዬ ጋር ሄደን «የኳስ ነገር አለህ?» አልነው። «የእግር ነው የቅርጫት?» አለ። የቅርጫት ስንለው የአሜሪካኖቹን፣ በሙያ የሚጫወቱትን፣ የዱሮውንም የቅርቡንም ታላላቅ ጨዋታ መጨረሻ መጨረሻውን አንድ ላይ የሰፋ ረጅም ቪዲዮ ጫነልን። ሥዕሉ ተጎትቶ የተለጠጠ፣ ጭጋግ የለበሰ ነበር። የማልያው ጽሑፍ አይነበብም። ነጥቡ የሚታይበትን ቦታ አንድ ሰፊ ጥቁር መስመር ሸፍኖታል። እኛ ምን ቸገረን።

ያየነው ጓደኛዬ ቤት ነው። እኔ ከቅጥሩ ውጪ፣ ከአዲሱ ከተማ፣ የክርስቲያን ቤት ልጅ ነኝ፤ እሷ የጀጎል ልጅ ናት፣ የሐረሪ። ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ ነበርን። ቤታቸው እንደ ጀጎል ቤቶች ሁሉ ከፍና ዝቅ ያለ፣ በቀይ የተቀባ መደብ አለው፤ ነደባ ይሉታል። ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። እኛ ልጆቹ ከታች፣ አያቷ ከላይ። አያቷን ኡማ ነው የምትላቸው፤ እኔም ኡማ እላቸዋለሁ። ከላይ ሆነው ስፌታቸውን እየሰፉ ቴሌቪዥኑን ከእኛ እኩል ያያሉ። ሲያዩት ያ ቤት ስታዲየም ሆኖ የተሠራ ይመስል ነበር።

ቪዲዮው ሲጀምር ተጫዋቾቹ በሰልፍ ቆመው መዝሙር ይዘመራል። አንዳንዱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጓል።

«ምን ሆነው ነው ቀኝ ደረታቸውን የሚይዙት? ያማቸዋል?» አሉ ኡማ።

«ልባቸውን ነው ኡማ፤ አገራቸውን ስለሚወዱ» አለች ጓደኛዬ።

«ልብ በቀኝ ነው እንዴ?»

«አሜሪካ ነው እኮ ኡማ!»

«ያ ረቢ» አሉና ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። እኛ በሳቅ ሞትን።

ከዚያ በኋላ ግን የሳቀ የለም። መጀመሪያ የታየው አንድ ትልቅ ሰውዬ ነው፤ ዱሮ ነው፣ ፀጉሩም ቁምጣውም የዱሮ ነው። ጭኑ ተጎድቷል፤ አይጫወትም ተብሏል። የዋንጫው የመጨረሻ ጨዋታ ሊጀመር ሲል ከመተላለፊያው እያነከሰ ብቅ አለ። አዳራሹ ያበደውን ማበድ! ተጋጣሚዎቹ እንኳ ኳስ መወርወሩን ትተው ቆመው አዩት። ያ ሰውዬ እግሩን እየጎተተ ገብቶ የወረወራትን የመጀመሪያ ኳስ አስቆጠረ። እኔ ከነደባው ላይ ወርጄ መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር፤ መቼ እንደወረድኩ አላውቅም።

ቀጥሎ ታሞ የሚጫወት አለ፤ ላቡ እንደ ዝናብ ይወርዳል፣ ሲጨርስ የሚቆምበት ጉልበት አጥቶ ጓደኛው ላይ ተደግፎ ይወጣል። ቀጥሎ ደግሞ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ሮጦ ከኋላ ደርሶ፣ ልትገባ የነበረችውን ኳስ ሰሌዳው ላይ በመዳፉ የለጠፋት አለ። ኡማ «ዝንብ መታ?» አሉ።

ከዚያ ከጥግ የተወረወረችው መጣች። ሰውየው በአንድ እግሩ ወደ ውጪ እየወደቀ፣ ከፊቱ ግንብ የሚያህል ተከላካይ እያለ ወረወራት። ኳሷ አየር ላይ ሳለች ሰዓቱ አለቀ። ወርዳ ብረቱን መታች። ነጠረች። እንደገና መታች።

መብራት ሄደ።

«ወላሂ!» ብላ ጓደኛዬ ራሷን ያዘች። «አቦ! አሁን? አሁን ነው የሚሄደው?»

ጠበቅን። አልመጣም። ቤቴ ሄድኩ፤ እራት በላሁ፣ ተኛሁ፣ ያቺ ኳስ ብረቱ ላይ ናት። የሆነች ከተማ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሰው አፉን ከፍቶ ቆሟል፣ እኔ ጥርሴን እፍቃለሁ። በማግስቱ ተገናኝተን ስናየው ሁለት ጊዜ ደግማ ነጥራ ገባች። ሰውየው ጥጉ ላይ ቁጢጥ ብሎ ነበር የሚያያት። ኡማ ስፌቱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው «ሱብሃነላህ» አሉ፤ ዝግ ብለው፣ ለራሳቸው። እኔ አልጮህኩም። የሆነ ነገር ከላይ ወርዶ ትከሻዬ ላይ የተቀመጠ ያህል ዝም አልኩ።

የእኔ ግን የመጨረሻው ነው። አንድ ሰው፣ ጥቂት ሰከንድ፣ አንድ ተከላካይ። እያነጠረ ይመጣል። ሁሉም ያውቃል እሱ እንደሚወረውር፤ ተከላካዩም ያውቃል፣ ኳስ የማያውቁት ኡማም ያውቃሉ። ወደ አንድ ወገን ይፈጥናል፣ በድንገት ይቆማል፣ ኳሷን ወደ ሌላው እጁ ይመልሳታል፤ ተከላካዩ እግሩ ይከዳዋል። ያኔ ሰውየው ሳይቸኩል ይዘልላል። ከለቀቃት በኋላ እጁን አያወርድም። ኳሷ ገብታም እጁ እዚያው አየር ላይ ናት። ከኋላው የሚታየው ሕዝብ ፊቱ ላይ ያለውን እዩት፤ ከመግባቷ በፊት የተሸነፉ ሰዎች ፊት ነው።

ይህን ማን ነው አይቶ ዝም ብሎ የሚቀመጥ? እኔ አልተቀመጥኩም። ያንን ከሰውየው ልወስድ ቆረጥኩ። ሌሎች ልጆች ከቴሌቪዥን ሲቀዱ ይሳሳታሉ፤ ፊት ለፊት ያለ ሰው ቀኙ በአንቺ ግራ በኩል ነውና እንደ መስታወት አድርገው ይቀዳሉ። እኔ ብልህ ነኝ ብዬ ጀርባዬን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቼ፣ በትከሻዬ እያየሁ፣ የእሱን ግራ በግራዬ፣ የእሱን ቀኝ በቀኜ ለይቼ ያዝኩ። የሚወረውረው በግራው ነበር። እኔም በግራዬ። እጄ እንዲለምድ ብዬ በር በግራዬ እከፍታለሁ፣ ባልዲ በግራዬ እሸከማለሁ። አንድ ቀን ኡማ ውሃ ሲሰጡኝ ሳላስበው በግራዬ ልቀበል እጄን ዘረጋሁ፤ ብርጭቆውን ወደ ኋላ መለሱት።

«በግራሽ ከእኔ እጅ አትወስጂም» አሉ።

«ለኳስ ነው ኡማ።»

«ኳስሽ ውሃ አይጠጣም።»

በቀኜ ተቀበልኩ። በኳስ ግን ግራዬ ላይ ከረምኩ። ትምህርት ቤት ሆኜም፣ ውጤት ስጠብቅም፣ ውጤቱ ከመጣ በኋላም። መጨረሻ ላይ ግራዬ ውብ ሆነ። ኮች ናቸው ያሉት፣ እኔ አይደለሁም።

እንግዲህ ኮች ያንን የተናገሩኝ ቀን ከሜዳው ቀጥታ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። ተናድጄ ነበር። «ክፈችው» አልኳት። «ሰውየው ቀኙን እንዴት እንደሚጠቀም ልይ፤ ከግራኝም ቢሆን የምማረው አይጠፋም።» ፍላሹን ሰካችው። መዝሙሩ ጀመረ። እሷ እኔን ለማሳቅ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ወደ እኔ ዞራ፣ እንደ እነሱ ቀጥ ብላ ቆመች፤ እጇን ልቧ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ።

አላሳቀችኝም። እሷና በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ ሁለቱም ወደ እኔ ዞረው ነው የቆሙት። የእሷ እጅ በአንድ በኩል ነው፣ የእሱ በሌላ።

«የትኛው እጅሽ ነው?» አልኳት።

«ምኑ?»

«ደረትሽ ላይ ያለው! የትኛው ነው?»

ዓይኗን ገለጠች። «ቀኜ ነዋ። ምን ሆነሻል?»

«ልብሽ የት ነው?»

«አንቺ ልጅ ታመሻል?» አለችና ቴሌቪዥኑን ዞራ አየችው። ደግማ እጇን አየች። ከላይ ኡማ ስፌታቸውን አቁመው ነበር።

«እኔ ምን ብዬ ነበር?» አሉ። «ልብ በቀኝ ነው ወይ ብዬ አልጠየቅኳችሁም? ሳቃችሁብኝ።»

ፍላሽ የሚጭነው ልጅ ጋ በሩጫ ሄድን። «ወሪያ፣ የሰጠኸን ሥዕል የተገለበጠ ነው!» አልኩት ገና ከበሩ።

ቀና ብሎም አላየኝም። «ገልብጠው ነው የሚለጥፉት። የጨዋታው ባለመብቶች ኢንተርኔት ላይ አድነው እንዳያጠፉባቸው ግራውን ቀኝ ያደርጉታል። አላወቅሽም?»

«የት አውቃለሁ! እኔ ከሱ ኳስ ተምሬበታለሁ!»

ያኔ ቀና አለ። ግራ እጄን አየ፣ ቀኝ እጄን አየ። ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል አሳዘነኝ። «መመለሻ እኔ ጋ የለም» አለ። «መስታወት ፊት አስቀምጪው፣ ይቃናልሻል።»

ሊሰድበኝ ነው ያለው። ጓደኛዬ ግን ክንዴን ያዘች።

የአክስቷ የሰርግ መስታወት ጓዳ ነበር፤ ቁመቱ የሰው ቁመት ነው። እየተሳደብን ተሸክመን አወጣነው። ነደባው ላይ አቁመን፣ እሷ ከኋላ ደግፋ ያዘችው፤ ቴሌቪዥኑን ዞር አድርገን ፊት ለፊቱ አስቀመጥነው። ኡማ ወርደው አጠገቤ መጡ። ኡማ ከላይኛው ቦታ ሲወርዱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሦስታችን ለቴሌቪዥኑ ጀርባችንን ሰጥተን... አይ፣ ሁለታችን ነን፤ ጓደኛዬ ከመስታወቱ ኋላ ሆና «ምን ይታያል? ንገሩኝ! ምን ይታያል?» ትላለች።

መዝሙሩ ጀመረ። በመስታወቱ ውስጥ ልባቸው ወደ ቦታው ተመልሷል።

«አሁን ሰው ሆኑ» አሉ ኡማ።

የሚያነክሰው ሰውዬ በሌላኛው እግሩ አነከሰ። ያቺ የጥግ ኳስ ከሌላኛው ጥግ ተነሣች፤ መግባቷን እያወቅሁ እንደገና ፈራሁላት። ሁሉም ነገር ያው ነው፣ ምንም ደግሞ ያው አይደለም። በልቤ የማውቀው ቤት ገብቼ በሩ በሌላ በኩል እንደሆነብኝ ነው። ከዚያ የእኔ ሰውዬ መጣ። እያነጠረ፣ በቀኙ። ፈጠነ፣ ቆመ፣ መለሳት፣ ተከላካዩ እግሩ ከዳው። ዘለለ። ቀኝ እጁ አየር ላይ ቀረች። ስንት ጊዜ ያየሁት ነገር ነው፤ ግን እውነተኛውን ያን ጊዜ አየሁት፣ እሱ ራሱ እንዳደረገው፣ ያ ሕዝብ ቁጭ ብሎ እንዳየው። የኡማ እጅ የእኔን ክንድ ጨምድዶ ይዞ ነበር። ሳላስበው ቀኝ እጄን አንሥቼ አየሁት። ጣቶቼን ዘረጋኋቸው። የሰው እጅ ነው የመሰለኝ።

«አንቺ፣ መስታወቱ ከበደኝ!» አለች ጓደኛዬ።

የክለቡ ሰው እስኪመጣ የቀረውን ጊዜ በቀኜ ብቻ ወረወርኩ። ጥዋት ሜዳ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ እነ ጓደኛዬ ግቢ። በሳምንት እጅ አይሠራም። ኮች ታሪኩን ስነግራቸው መጀመሪያ ፊሽካቸውን ነፉብኝ፤ ከዚያ ፊታቸውን አዙረው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። «ለክለቡ ሰው እንዳትነግሪው» አሉ። «ግራኝ ነኝ በይ። ክለቦች ግራኝ ይወዳሉ።»

ሰውየው መጣ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ። አምስት ለአምስት አጫወተን። በግራዬ አስቆጠርኩ፣ ደግሜ አስቆጠርኩ። ከዚያ «በቀኝሽ!» ብሎ ጮኸ። በቀኜ ወረወርኩ። ሰሌዳውንም አልነካችም፤ ከአጥሩ በላይ አልፋ ባጃጆቹ የሚቆሙበት ወደቀች። አንዱ ሾፌር «ሂሳብ ሳትከፍል ተሳፈረች!» ብሎ ሜዳውን በሳቅ አፈረሰው።

ሲያልቅ ጠራኝ። ኮች ከኋላው ቆመዋል።

«ግራኝ ነሽ?» አለኝ።

ኮች ከኋላው ራሳቸውን ወደ ታች ወደ ታች ነቀነቁልኝ።

«አይደለሁም» አልኩ።

ኮች ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ፍላሹን፣ መዝሙሩን፣ የሰርጉን መስታወት። ልጆቹ አንድ በአንድ ከበቡን። ሰውየው አልሳቀም። መነጽሩን አወለቀና «የትኛው ጨዋታ ነው?» አለኝ። የመጨረሻውን ኳስ ነገርኩት። እጁን አየር ላይ የተወውን ሰውዬ።

«አውቀዋለሁ» አለ። መነጽሩን ኪሱ ከተተ። «ልጅ ሆኜ ነው ያየሁት። ጎረቤት ቤት፣ ሰው ላይ ሰው ተቀምጦ።» ኳሷን ወረወረልኝ። «አሳይኝ።»

«በየትኛው?»

«እንደተማርሽው።»

ብቻዬን ገባሁ። ተከላካይ የለም፣ ግን ለእኔ ነበረ። በግራዬ እያነጠርኩ ፈጠንኩ፣ ቆምኩ፣ መለስኳት። ዘለልኩ። እጄን አላወረድኩም። ኳሷ ብረቱን መታች፣ ነጠረች፣ እንደገና መታች። ባጃጅ ሾፌሮቹ እንኳ ዝም አሉ። ያ ዝምታ አሜሪካ ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር፤ እዚያች የተሰነጠቀች ሲሚንቶ ላይ መጣ። ኳሷ በቀለበቱ ጠርዝ ዞረች፣ ወደ ውጪ ወደቀች።

እጄ አሁንም ከላይ ነበር።

ሰውየው ለኮች አንድ ነገር አላቸው፤ ከዚያ ወደ እኔ መጣ። «ግራሽን ያለ አስተማሪ ሠርተሻል። ቀኝሽን ከአስተማሪ ጋር ትሠሪያለሽ። እስከ ጥር አይሻለሁ። ቀኝሽ ካልመጣ በሄድሽበት መኪና እመልስሻለሁ። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«እጅሽን አውርጂው እንግዲህ» አሉ ኮች።

እናቴ አለቀሰች፣ ከዚያ ለጉዞ የሚሆን በሶ አዘጋጀች። አጎቴ ወንበሩ እስከ ጥር ይጠብቅሻል አለ። በነጋታው ጥዋት ቦርሳዬን ይዤ ጀጎል ገባሁ። ኡማ ከላይ፣ ከቦታቸው ላይ ሆነው ይሰፋሉ። ጓደኛዬ ቦርሳዬን ተቀበለችኝና ወደ በሩ ዞረች፤ ፊቷን እንዳላይ ነው።

«እጅሽን አምጪ» አሉ ኡማ።

ቀኜን ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው ዱዓ አደረጉ፤ መዳፌ ላይ እፍ አሉበት። ልመልሰው ስል አልለቀቁኝም።

«ሌላኛውንም።»

ግራዬን ዘረጋሁ። እሱንም ያዙት፤ በእሱ ላይ ረዘም አደረጉት።

«ስትወረውሪ ቢስሚላህ በይ» አሉ።

«ክርስቲያን ነኝ እኮ ኡማ።»

«ታዲያ የራሳችሁን በይ። ዝም ብለሽ ግን እንዳትወረውሪ።»

ጓደኛዬ እስከ ሸዋ በር ሸኘችኝ። ባጃጅ አስቁማ ቦርሳዬን ከኋላ አስገባችልኝ፤ «ጥር ላይ እዚህ ባይሽ እገልሻለሁ» አለችኝ። ሾፌሩ «መናኸሪያ?» አለ። አዎ አልኩት፣ ገባሁና ሄድን።